በጎንደር መንገድ ዳር የተተከለ ችግኝ በጋውን እንዲሻገር፦ የቱን ውሃ፣ የቱን አጥር፣ የቱን ዛፍ?

ሐምሌ ላይ ችግኝ መትከል ቀላል ነው። ዝናብ አለ፣ ጉልበት አለ፣ መሬቱም ለቆፋሪ ይመቻል። ፎቶም አይቀርም። ፈተናው የሚመጣው ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲሰናበት ነው። ጎንደር በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። አብዛኛው ግን በክረምት፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ ተጠቃሎ ይወርዳል። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ጠብ የሚለው እምብዛም ነው። ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ፀሐዩ ይከራል። መንገድ ዳር የቆመ ችግኝ በብዛት የሚደርቀው ያኔ ነው።

ክርክራችን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዛፉ ነው። «ወይራ ይሁን ወይስ ጃካራንዳ?» ይባላል። ከዚያ ስለ አጥር ይታሰባል። ውሃው መጨረሻ ላይ ይነሳል፣ እሱም ከታወሰ። እኔ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ባይ ነኝ። መጀመሪያ ውሃውን ማን እንደሚያመጣውና እንዴት እንደሚያጠጣው ይወሰን። ቀጥሎ ችግኙን ምን ሊያጠቃው እንደሚችል ይታይ። ዝርያው ከዚያ በኋላ ይመረጥ። አንዳንዱ ዛፍ ጥም ይችላል፣ አንዳንዱ አይችልም። ያላችሁን ውሃ ሳታውቁ የቱ እንደሚሆናችሁ ልታውቁ አትችሉም።

ጄሪካኑን ማን ይሸከም?

ሒሳቡን እናስቀድም። ወገብ አካባቢ የሚደርስ አዲስ ችግኝ በደረቁ ወራት በሳምንት 20 ሊትር ያህል ቢያገኝ ደህና ነው። አንድ ቢጫ ጄሪካን መሆኑ ነው። ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ 30 ሳምንት አለ። ለአንድ ችግኝ፣ ለአንድ በጋ፣ 30 ጄሪካን ማለት ነው፤ 600 ሊትር። አሥር ችግኝ ከሆነ 300 ጄሪካን። ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። ብዙ የተከላ ዕቅድ እዚህ ጋ ይቀንሳል። ይቀንስ! ውሃ የሚያገኙ አራት ችግኞች ከሚደርቁ አሥር ይበልጣሉ።

አሁን ተሸካሚዎቹን እናወዳድር።

የውሃ ቦቴ በስሌት የሚያህለው የለም። 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ቦቴ በአንድ ሙሌት ለ500 ችግኝ አንድ አንድ ጄሪካን ያደርሳል። ግን መጋቢት ላይ፣ ቧንቧ በፈረቃ ሲመጣና ሰፈሩ ጄሪካን ደርድሮ ሲጠብቅ፣ ቦቴው ለሰው ነው የሚፈለገው። መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ችግኙ ግን በጣም የሚጠማው በዚያው ሰሞን ነው። ሌላው ችግር ግፊቱ ነው። ሠራተኛው ቸኩሎ ጎማውን ግንዱ ላይ ከለቀቀው አፈሩን አጥቦ ሥሩን ያጋልጠዋል። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ እንደሚወስደው ባለ ሰፊ መንገድ አካፋይ ላይ፣ ማንም ደጁ ነው ብሎ በማይጠብቀው ቦታ፣ ከቦቴ ሌላ አማራጭ ላይኖር ይችላል። ሌላ ቦታ ላይ ግን ሙሉ በሙሉ በቦቴ አትተማመኑ።

ሱቅና ካፌ ጥሩ ናቸው። ሰው ሁልጊዜ አለ፣ ውሃም በየቀኑ ይነካል። ችግሩ ተከራይ ይለቃል። ነገሩን ከሕንፃው ባለቤት ጋር ተነጋግራችሁ፣ ሥራውን ለተከራዩ ስጡ። ተከራዩ ቢቀየር እንኳ አዲሱ ሲገባ ባለቤቱ ይነግረዋል።

ትምህርት ቤት የእኔ ምርጫ ነው። ትምህርት የሚዘጋው ዝናብ ባለበት ጊዜ ነው። ተማሪ ደጁ ላይ የሚኖረው ደግሞ ችግኙ ሲጠማ ነው። የወራቱ መግጠም ራሱ ሥራውን ያቀልለዋል። አንድ ክፍል አንድ ዛፍ ቢይዝ፣ ሳምንቱን በተራ ቢከፋፈሉት፣ አንድ ልጅ ላይ የሚከብድ ነገር የለም። የገናና የፋሲካ ዕረፍት ላይ ግን ለጥበቃው በግልጽ አደራ ማለት ያስፈልጋል። «ሰው አይጠፋም» ተብሎ የተተወ ችግኝ ያን ጊዜ ነው የሚታመመው።

እድር በወር አንዴ ስለሚሰበሰብ ውሃ አጠጪ ሊሆን አይችልም። ተቆጣጣሪ ግን ይሆናል። የትኛው ችግኝ የማን እንደሆነ ስም ጽፎ ይያዝ፤ በስብሰባው ቀን የደረቀውን ይጠይቅ። ሰው የሚፈራው ቅጣቱን ሳይሆን በእድር ፊት ስሙ መነሳቱን ነው።

አንድ የሚረሳ ሰው አለ። መንገድ ዳር ጀበና ጥዳ የምትውለዋ ቡና ሻጭ ናት። ቀኑን ሙሉ እዚያው ናት። ጥላው ነገ ለደንበኛዋ ነው። ሲኒ ያለቀለቀችበትን ውሃ የትም ከምትደፋው አጠራቅማ ችግኙ ሥር ብታፈስሰው ሥራው ተሠራ ማለት ነው። ከሁሉም በፊት እሷን ብታናግሩ አትጸጸቱም። ትኩስ ውሃ እንዳይሆን ብቻ ንገሯት።

ውሃው እንዴት ይግባ?

ዝም ብሎ ማፍሰስ ወጪ የለውም። ነገር ግን የደረቀ መሬት ውሃን ቶሎ አይቀበልም፤ ተዳፋት ከሆነ ግማሹ ወደ አስፋልት ይወርዳል። በችግኙ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል ርቃችሁ አፈር ከፍ አድርጋችሁ ክብ ሥሩ። ከዚያ ጄሪካኑን ሁለት ቦታ ከፍላችሁ አፍስሱ፤ የመጀመሪያው እስኪሰርግ ጠብቁ። በየቀኑ አንድ ጆግ ውሃ ጠብ እያደረጉ መሄድ ግን ከሁሉም የባሰ ነው። የሚረጥበው ላዩ ብቻ ስለሆነ ሥሩ ወደ ታች አይሄድም። ላይ ላዩን የተዘረጋ ሥር የመጋቢት ፀሐይ ሲመጣ አብሮ ይጠበሳል። በሳምንት አንዴ በደንብ ማጠጣት ይበልጣል። አንድ ልዩነት አለ፤ ዝናቡ እንዳቆመ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ሥሩ ችግኙ በመጣበት ላስቲክ ውስጥ ከነበረው አፈር ገና ብዙ አልራቀም። ያን ጊዜ 20 ሊትሩን ለሁለት ከፍሎ በሳምንት ሁለቴ መስጠት ይመረጣል።

የተገለበጠ ሃይላንድ አሁን አሁን የተለመደ ነው። ቂጡ ይቆረጣል፣ ክዳኑ ይበሳል፣ አፉ አፈር ውስጥ ይቀበራል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ግን ባለ ሁለት ሊትሩ ሃይላንድ የአንድ ጄሪካን ያህል ለማጠጣት አሥር ጊዜ መሞላት አለበት። ጭቃም ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ለጓሮ ቲማቲም ይሆናል። ለመንገድ ዛፍ የሚጠቅመው በየቀኑ የሚሞላ ሰው አጠገቡ ካለ ብቻ ነው።

የተበሳ ጄሪካን ከርካሾቹ ሁሉ የምመርጠው ነው። ሚስማር በእሳት አግሉ፤ ከታች ጥግ ላይ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ብሱ። ጄሪካኑን ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ አስቀምጡና ሙሉት። ውሃው በሰዓታት ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ አንዲት ጠብታ ወደ መንገድ አትሄድም። በሚቀጥለው ሳምንት በሌላው ጎን አስቀምጡት፤ ሥሩ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዳይሄድ። ደህና ጄሪካን ከሆነ ግን ሌሊቱን አያድርም። እጀታው የተሰበረ፣ የተሰነጠቀ፣ ለቤት የማይሆነውን ተጠቀሙ። ወይ ደግሞ አንዱን ጄሪካን ይዛችሁ ከችግኝ ችግኝ እያዞራችሁ፣ ማታ ወደ ቤት አስገቡት።

የተቀበረ ማድጋ ደግሞ የምወደው ዘዴ ነው። ያልተቀባ የሸክላ ዕቃ ውሃ ያዣል። አፉ ብቻ እስኪቀር ከችግኙ አጠገብ ትቀብሩታላችሁ፣ ትሞሉታላችሁ፣ ትከድኑታላችሁ። አፈሩ ሲደርቅ ውሃውን ከሸክላው ይስበዋል፤ ሲረጥብ መሳቡን ይቀንሳል። ስለዚህ የሚባክን ነገር የለም ማለት ይቻላል። ውሃው መሬት ውስጥ ስለሆነ ፀሐይም አይወስደውም። ጄሪካን እየተገዛ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጎንደር ሆኖ ሸክላ መፈለግም አያስቸግርም፤ ወደ ደባርቅ መውጫ ያለችው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች ናት። ስትገዙ ግን ለማሰሮ ተብሎ የታሸውንና ውሃ እንዳያሳልፍ የተደረገውን አትውሰዱ። ሙከራው ቀላል ነው፤ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ውጪው እርጥብ ከሆነ ይሠራል፤ ደረቅ ከሆነ ለችግኝ አይጠቅምም። የማድጋው ጉድለት መሰበሩ ነው። ባጃጅ እየወጣ የሚቆምበት ጠርዝ ላይ አትቅበሩት። ክዳን ከሌለው ደግሞ የወባ ትንኝም ሆነ ሌላ ትንኝ ይራባበታል።

ኮብልስቶን ወይም ሲሚንቶ በከበበው ጠባብ ቦታ ላይ የቱቦ ቁራጭ አስቡ። ግማሽ ሜትር የሚሆን ቱቦ ጎን ጎኑን በስታችሁ፣ በጠጠር ሞልታችሁ፣ በተከላው ጊዜ ከሥሩ አጠገብ ቀጥ አድርጋችሁ ታቆሙታላችሁ። ውሃው በቱቦው በኩል በቀጥታ ወደ ታች ይደርሳል። ይህን በኋላ ለመትከል ብትሞክሩ ሥር ትቆርጣላችሁ፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ወስኑ። ቱቦ ቢኖርም ባይኖርም፣ ድንጋዩ ቢያንስ በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተነሥቶ አፈሩ ክፍት ይሁን።

ስለ ያገለገለ ውሃ በየጊዜው ይጠየቃል። አትክልት፣ እህልና ሩዝ የታጠበበት፣ ፊትና እጅ የተታጠቡበት ውሃ ይሆናል። ብዙ ኦሞ የገባበት የልብስ እጣቢ ለአፈሩ ጥሩ አይደለም፤ ከተገደዳችሁ የመጨረሻውን መለቅለቂያ ብቻ ስጡት። በረኪና የነካውን፣ ጨውና ዘይት ያለበትን የድስት እጣቢ ግን በጭራሽ አታፍስሱ።

አዘዞና ፒያሳ አንድ መሬት አይደሉም

ከታች አዘዞ አካባቢ ያለው ሜዳ ብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። እዚያ ችግኝ ሁለት ጊዜ ይፈተናል፤ ነሐሴ ላይ ሊሰጥም ይችላል፣ መጋቢት ላይ ስንጥቁ ቀጫጭን ሥሮቹን ይበጥሳል። ስለዚህ ዋልካ ላይ አፈሩን ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ። ክቡን በነሐሴ በአንድ በኩል ክፈቱለት፣ ዝናቡ ሲያበቃ መልሳችሁ ዝጉት። ስንጥቅ ሲታያችሁ አፈር አላልታችሁ ሙሉት።

ወደ ላይ፣ ከፒያሳ በላይ ባሉት ተዳፋት ሰፈሮች፣ ችግሩ ተቃራኒ ነው። አፈሩ ስስ ነው፣ ከሥሩ ድንጋይ አለ፣ ውሃው ቁልቁል ይሮጣል። እዚህ ክቡ ሙሉ ባይሆንም ግድ የለም። ግማሽ ጨረቃ አድርጋችሁ ቁልቁል ያለውን ወገን በድንጋይ ደግፉት። ጉድጓዱን ከማጥለቅ ይልቅ ማስፋት ይሻላል፤ ድንጋዩ ላይ ከደረሳችሁ ወደ ጎን ሂዱ።

ሁለቱም ቦታ ላይ የሚሠራ አንድ ነገር፦ ጥቁሩ ላስቲክ ይውጣ። ጠቅላላው ይውጣ። ታች የተጠማዘዘ ሥር ካለ ቁረጡት። አንገቱ፣ ማለትም ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበት ቦታ፣ ከተተከለበት አፈር ላይኛ ክፍል እኩል ይሁን። ለማጠንከር ብሎ አፈር ግንዱ ላይ መከመር ቅርፊቱን ያበሰብሳል።

ከማን ነው የምናጥረው?

አጥር ስትመርጡ መጀመሪያ ጠላቱን እወቁት። ፍየልና በግ ነው? አህያ ነው? ባጃጅ ነው? ወይስ ሕዝብ ነው? መልሱ በየመንገዱ ይለያያል፤ ለሁሉም የሚሆን አጥር አላየሁም።

የእሾህ አጥር ነፃ ነው ማለት ይቻላል፣ ለፍየልም ፍቱን ነው። ጎንደር ግን የጥምቀት ከተማ ናት። ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር በሚወርዱባቸው መንገዶች ላይ በጥር 10ና 11 የሚተመው ሕዝብ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እሾህ አያጥርም። ነጠላ ይቀድዳል፣ ሕፃን ይወጋል። በመጨረሻም ሰው ነቅሎ ይጥለዋል፤ ችግኙም አብሮ ይሄዳል። እሾህ ሰው የማይበዛበት ዳር ላይ፣ የከተማው ጫፍ ላይ ይሁን።

የእንጨት ወይም የቀርከሃ ቅርጫት አጥር መልክም አለው፣ አየርም ያስገባል። አንድ ሁለት ክረምት ይቆያል። ምስጥ ካለ ያንንም ላይደርስ ይችላል። ለበግና ለፍየል ይበቃል፤ ለአህያና ለባጃጅ አይበቃም። ከፍየል እንዲከላከል ከተፈለገ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ይጠጋ። ፍየል ሁለት እግሯን አንሥታ ስትቆም ምን ያህል እንደምትደርስ ከተማ ያደገ ሰው ይረሳዋል።

ከቶንዲኖ የተበየደ የብረት አጥር ከሁሉም ይጠነክራል፣ ከሁሉም ይወደዳል፣ ከሁሉም ይሰረቃል። ቁራሌ ጋ ዋጋ አለው። እግሮቹ በሲሚንቶ ካልተያዙ ብራችሁን አታውጡ እላለሁ። ሌላው የማይታሰብ ችግር ሰው ብረቱን አስሮ መርሳቱ ነው። ግንዱ ሲወፍር ብረቱ ይበላዋል። ገና ስታስበይዱ በአንድ በኩል የሚከፈት አድርጉት። ጥምቀት የሚያልፍባቸው መንገዶችና ገበያ አካባቢ ላይ ግን ወጪው ይገባዋል። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ሰውም፣ ጭነትም፣ አህያም አንድ ላይ ነው የሚመጣው፤ እዚያ እንጨት አይቆምም።

ግማሽ በርሜል ከላይና ከታች ተከፍቶ ሲቀመጥ ይታያል። ባጃጅን ያግዳል። ግን ቆርቆሮው ፀሐይ ሲያገኘው ይግላል፣ ችግኙም ውስጡ ይታፈናል፣ ሰው ደግሞ ቆሻሻ መጣያ ያደርገዋል። አልመክረውም።

የድንጋይ ክብ ፍየል አይመልስም። ሆኖም ጎማ ይመልሳል፣ ውሃ ይይዛል፣ ድንጋዩም እዚሁ አለ። ከእንጨት አጥር ጋር አብሮ ሲሠራ ዋጋው ከብረት እጅግ ያነሰ፣ ጥቅሙም ብዙ ያልራቀ ጥምረት ይሆናል። እኔ ለአብዛኛው የጎንደር የሰፈር መንገድ የምመክረው ይህንኑ ነው።

ድጋፍ እንጨትን በአጭሩ፦ ግንዱ ራሱን ችሎ ከቆመ አያስፈልግም። ከተንጋደደ ሁለት እንጨት ከግራና ከቀኝ አቁሙ፤ በአሮጌ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። ሽቦና ሲባጎ ቅርፊት ይቆርጣሉ። ከዓመት በኋላ ይፈታ።

ሥሩን ምን እናልብሰው?

አፈሩ ከተሸፈነ ውሃው ይቆያል። ገጠር ቢሆን ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ይባል ነበር። ከተማ ውስጥ ግን ጭድ ማድረግ አህያ መጋበዝ ነው፤ ጭዱን ብላ ቅጠሉን ትቀጥላለች። ከእንጨት ሥራ ቤት የሚወጣ ሰጋቱራ ጥሩ ነው፤ ላዩ ላይ ይነስነስ እንጂ ከአፈር ጋር አይቀላቀል። ነፋስ እንዳይወስደው ጠፍጣፋ ድንጋይ ጣል አድርጉበት። ከበዓል በኋላ ከየቤቱ የሚጠረገው ቄጠማም ከመጣል ይተርፋል። ጫት ቤት ያለበት ሰፈር ገራባው ጭምር ያገለግላል፣ ምንም እንኳ በጎቹ ለሱም ቢመጡ። እንስሳ የሚያስቸግር ከሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ ብቻውን ይበቃል። የትኛውም ቢሆን ከግንዱ አንድ መዳፍ ያህል ይራቅ።

አሁን ዛፉ

ውሃችሁንና አጥራችሁን ካወቃችሁ ምርጫው ራሱ ይጠብባል።

ውሃው አስተማማኝ ካልሆነ ወይራ። በዝግታ ያድጋል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሥር ከያዘ በኋላ ግን ድርቅ ይችላል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ፍየል ግን ስለምትወደው አጥሩ ላይ አትቆጥቡ። የሐበሻ ጥድም ጠንካራ ነው፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ግቢ ያየ ሰው አሮጌ ዛፎች ለአንድ ቦታ ምን ዓይነት ግርማ እንደሚሰጡ ያውቃል። መንገድ ዳር ላይ የጥዱ ችግር ታች ያሉት ቅርንጫፎች ናቸው። እግረኛ መንገዱን ይዘጋሉ፣ መታጠፊያ ላይ ደግሞ ሾፌርን ይጋርዳሉ። ለግቢ አጥር ዳር ይሻላል።

ውሃ ካለና ጥላ ቶሎ ከተፈለገ ዋንዛ። ቶሎ ያድጋል፣ ሰፊ ጥላ ይጥላል፣ ነጭ አበባው ያምራል፣ ንብም ይወደዋል። ፍሬው የሚያጣብቅ ስለሆነ መኪና ማቆሚያ ላይ አትትከሉት። ቅጠሉን ከብት ስለሚወደው ያለ አጥር አይታሰብም።

ግራቪሊያ ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ይላል፣ እንስሳትም ብዙ አያሳድዱትም። ግን ቅርንጫፉ በነፋስ ይሰበራል። ሰው በሚቀመጥበት ወይም ሽቦ በሚያልፍበት ቦታ አልተክለውም። ጃካራንዳ አበባው ያስመርጠዋል። ከዝናቡ በፊት፣ ከተማው ሁሉ አቧራ ሲሆን፣ እሱ ሐምራዊ ለብሶ ይቆማል። በበጋ ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ሞቷል ተብሎ የሚነቀል ግን አለ። ዝግባን እወደዋለሁ፤ ሆኖም በልጅነቱ ጥላና እርጥበት ስለሚሻ ለተጋለጠ መንገድ ዳር ከባድ ነው። ለትምህርት ቤት ግቢ ይሁን።

ከሽቦ በታች ቁመቱ የማይረዝም እንደ ቦትል ብራሽ ያለ ይተከል። ከሽቦ በታች ረጅም ዛፍ ተክሎ በየዓመቱ አናቱን ማስቆረጥ ዛፍ ማሳደግ አይባልም።

ባሕር ዛፍን ከመንገድ ዳር ዝርዝር አውጡት። ውሃ ይሻማል፣ ቅርንጫፍ ይጥላል።

ዋርካና ሾላ የተለየ ጉዳይ ናቸው። ጃንተከል ያለውን ዋርካ ያየ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ይኑረን ይላል፣ እውነቱን ነው። የፋሲልን ጥምቀተ ባሕር ቅጥር ያየ ደግሞ ሥራቸው ድንጋዩን እንዴት እንደሚያቅፍና እንደሚገፋ አይቷል። ለቱሪስት ውብ ፎቶ ነው። ለእናንተ የመሠረት ግድግዳና ለቧንቧ መስመር ግን አይደለም። አደባባይና ሰፊ ሜዳ ላይ ይተከሉ፤ ከቤት፣ ከአጥርና ከቧንቧ ይራቁ።

የችግኙ መጠንም ምርጫ ነው። ስንዝር የማትሞላ ችግኝ ርካሽ ናት፣ ሥሯም ገና አልተጠማዘዘም፣ ቶሎ ትለምዳለች። መንገድ ዳር ግን ትረገጣለች። ከሰው የሚበልጥ ትልቅ ችግኝ ሲያዩት ደስ ይላል፤ ቅጠሉ ብዙ፣ ሥሩ ጥቂት ስለሆነ ግን ሁለት በጋ ሙሉ ተጨማሪ ውሃ ይፈልጋል። ከወገብ እስከ ደረት የሚደርስ፣ ግንዱ ወፈር ያለ፣ ሥሩ ከላስቲኩ ብዙ ያልወጣ ችግኝ መካከለኛው ነው። ረጅም ሆኖ ቀጭን ከሆነ እለፉት።

እኔ ብሆን

አዘዞ ሜዳ ላይ፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ፦ ዋንዛ፣ ከፍ ብሎ የተተከለ፣ በእንጨት አጥር፣ በተበሳ ጄሪካን፣ በተማሪ ተራ። ከፒያሳ በላይ ተዳፋት ላይ፣ ውሃ በሚቸግርበት ሰፈር፦ ወይራ፣ በግማሽ ጨረቃ፣ ከወለቃ ማድጋ ጋር። ታቦት በሚያልፍበት መንገድ፦ ቁጥሩን ቀንሼ፣ በሲሚንቶ የተያዘ የብረት አጥር አሠርቼ፣ ጃካራንዳ ወይም ወይራ። ካፌ ደጅ፣ ከሽቦ በታች፦ ቦትል ብራሽ፣ የካፌው መለቅለቂያ ውሃ፣ የድንጋይ ክብ።

በሁለተኛው በጋ ውሃውን በየሁለት ሳምንቱ አድርጉት፤ በሦስተኛው በየወሩ፣ እሱም ፀሐዩ በበረታባቸው ወራት። ዋንዛ ከወይራ ዘግይቶ ነው ከጄሪካን የሚላቀቀው። አጥሩ ግንዱ የእጅ አንጓ እስኪያህልና አናቱ ከፍየል እስኪያመልጥ ይቆይ።

ሚያዝያ ላይ ቅጠል የሌለው ችግኝ ካያችሁ ከመንቀላችሁ በፊት ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት። ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ፤ ውሃውን አታቋርጡ። ከላይ ደርቆ ከታች አረንጓዴ ከሆነ የደረቀውን ቆርጣችሁ ጠብቁ፤ ወይራና ዋንዛ ከታች ያቆጠቁጣሉ። እስከ አንገቱ ድረስ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ግን ንቀሉትና ሥሩን እዩት። ላስቲኩ አብሮት ከወጣ፣ ወይም ሥሩ ከላስቲኩ አፈር ምንም ካልወጣ፣ ለምን እንደሞተ ታውቃላችሁ። አጥሩንና ማድጋውን እዚያው ተዉት፤ ለሚቀጥለው ችግኝ ያገለግላሉ።